የእናቶች የሽንት ሕመምና የንስሐ አባቶች ድርሻ

(በጣራ ገዳም ለንስሐ አባቶች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለእናቶች ተወካዮች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ጉዳያችን በጉባኤ ሲነገር አልተለመደም። ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ቁጠባ ስንናገር ሁሉም ቀና ብሎ ያደምጣል፤ ዲያቆን ቆሞ ስለ ሴቶች ሽንት መናገር ሲጀምር ግን ዓይን ሁሉ ወደ መሬት ይወርዳል። ዓይናችሁን ወደ መሬት ብትጥሉ አንቀየምም፤ ጆሯችሁን ብቻ አትንፈጉን።

ሕመሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሽንት ሲወጣ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ጥቂት ጠብታ ወጥቶ ሳያበቃ እንደገና ይመጣል፤ ከእምብርት በታች ይከብዳል፤ አንዳንዴም ደም ይቀላቅላል። ሐኪሞች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሉታል። በዓለም ላይ ካሉ ሴቶች ግማሽ ያህሉ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይታመሙታል። እንዲህ የተስፋፋ ሕመም በእኛ አካባቢ በሹክሹክታ ብቻ ሲነገር እንሰማለን፤ የሹክሹክታው ምክንያት ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ብዙ ቤት ያፈርሳል።

በገጠራችን ሽንት የሚያቃጥል ሕመም ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራል፤ ጨብጥ ይባላል። ጨብጥ ግን የአባለዘር በሽታ ነው። ስለዚህ ሚስት «ሽንቴ ያቃጥለኛል» ባለች ጊዜ ባል የሚሰማው «ከሌላ ሰው ጋር ነበርሁ» የሚል ኑዛዜ ነው። ይህን ለመሸሽ ይመስለናል፣ አረጋውያኑ ሌላ ምክንያት ያስቀመጡት፦ በጨረቃ ፊት ሸንታ ነው፣ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው ይላሉ። ጨረቃዋም ድንጋዩም ከደሙ ንጹሕ ናቸው፤ ሆኖም ብልሃቱ የስንቱን ትዳር እንዳተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬ ግን ጎልማሳው በጨረቃ አያምንም፤ ስለ አባለዘር በሽታ በትምህርት ቤት ሰምቷል፤ ስለ ሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን ማንም አልነገረውም። በግማሽ ዕውቀት ሙሉ ፍርድ ይሰጣል።

ከወረታ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ አንዲት እናት በሐምሌ የጀመራትን ሕመም ለማንም ሳትናገር ክረምቱን ሙሉ ይዛው ከረመች። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣት ለባሏ ነገረችው፤ እርሱም «ከየት አመጣሽው?» ብሎ ወደ አባቷ ቤት ሰደዳት። ወንድሟ ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ሽንቷ ተመረመረ፤ ከፊኛ ተነሥቶ ወደ ኩላሊት የወጣ ተራ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ዳነች። ዕርቁ ግን ሽማግሌ እየተላከ፣ እየተመለሰ፣ እስከ ኅዳር ድረስ ፈጀ። ስሟንም ቀበሌዋንም አንጠራም፤ እዚህ ካላችሁ አባቶች መካከል እንዲህ ያለ ጉዳይ ያልቀረበለት ጥቂት እንደሚሆን ግን እንገምታለን።

እንግዲህ ሕመሙ ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ የሚያስነሣው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ቴዎዶር ኤሽሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 የገለጠው ይህ ተሕዋስ በእያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ በካህኑም፣ በመነኩሴውም፣ በሕፃኑም። በአንጀት ሳለ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ወደ ሽንት ቧንቧ ሲሻገር ግን ያቆስላል። የወንድ የሽንት መውጫ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም የሴት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ለዓይነ ምድር መውጫም ቅርብ ነው። ተሕዋሱ ወደ ፊኛ ለመድረስ የሚጓዘው መንገድ ለሴት እጅግ አጭር ነው ማለት ነው። ፈጣሪ ሴትን ሲሠራ ያደረገው ነገር የጥፋተኝነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሩካቤም ይህን ያግዛል። በተክሊል ተጋብተው፣ አንዱ ለአንዱ ታምነው በሚኖሩ ባልና ሚስት መካከል በሚደረግ ሩካቤ፣ በአካባቢው ያለው የሴቲቱ የራሷ ተሕዋስ ተገፍቶ ወደ ሽንት ቧንቧ ሊገባ ይችላል። በጫጉላ ጊዜ ያለች ሙሽራ በዚህ ሕመም መያዟ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለሆነ ፈረንጆቹ በጫጉላ ስም ይጠሩታል። ይህን ቃል አስምሩበት፤ ድንግል ሆና የተዳረች፣ ድንግል የሆነ ባል ያገባች ሙሽራም ትታመማለች። ሌላ ሰው በመካከል መኖር የለበትም። ይህን ስንል የአባለዘር በሽታ የለም ማለታችን አይደለም፤ አለ። ከማቃጠሉ ጋር ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ሽታ ወይም ቁስል ካለ፣ ወይም ባልም ሽንቱ የሚያቃጥለው ከሆነ ሁለቱም አብረው መመርመር ይገባቸዋል። ልዩነቱን የሚለየው ምርመራ ነው፤ ሽማግሌ አይለየውም፣ እኛም በመልክ አንለየውም።

አሁን ወደ ሜዳው እንውረድ። እዚህ ጣራ ገዳም ላይ ቆመን ስናይ ጽዱና ወይራው ዙሪያችንን ከብቦናል። ገዳሙ ባይኖር ይህ ደን አይተርፍም ነበር። እዚህ አንዲት ሴት ውኃ ሽንት ብትፈልግ ዐሥር እርምጃ ገባ ብላ ትመለሳለች። ከዚያ ማዶ፣ ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታና ወደ ጣና ዳርቻ ሲኬድ፣ ርብና ጉማራ የሚያስተኙት ሜዳ ነው፤ ዐይን እስከሚደርስ ሩዝ ብቻ። ሩዝ ወደ ፎገራ ከገባ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እስኪቋቋምበት ድረስ አድጓል፤ ብዙ ቤት በቆርቆሮ አልብሷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የሩዝ አረም ግን በእጅ ይነቀላል፤ ከሚነቅሉት ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብለው፣ እግራቸው በውኃ ውስጥ፣ ወንዶች በወንፈል አብረው በሚውሉበት፣ አንዲት ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ይውላሉ። ሽንቷ የመጣ ሴት የት ትሂድ? ትይዘዋለች። እንዳይመጣባትም ውኃ አትጠጣም።

ብዙዎች ሕመሙን «የሩዝ ውኃ ብርድ» ይሉታል፤ ሌሎችም ቢልሃርዝያ ነው ይላሉ። በጣና ዙሪያ ያለው ቢልሃርዝያ የአንጀት ዓይነት ነው፤ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት በሀገራችን የሚገኘው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላዎች ነው። ውኃው ውስጥ መቆምም በራሱ ተሕዋስን ወደ ፊኛ አያስገባም። የሚጎዳው መያዙና ጥማቱ ነው። ሽንት ፊኛን የሚያጥብ ጎርፍ ነው፤ ደጋግሞ ሲወርድ የገባውን ተሕዋስ ጠርጎ ያወጣል። ቀኑን ሙሉ ሲታገድ ግን እንደ ረጋ ኩሬ ይሆናል፤ ረግረጉ ውስጥ ምን እንደሚራባ ለፎገራ ሰው መንገር አያስፈልገንም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል። ሕመሙ የሚመላለስባቸውና ጥቂት ውኃ ብቻ የሚጠጡ 140 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ከልማዳቸው በላይ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውኃ ጨመሩ። በዓመቱ ውስጥ ውኃ ያልጨመሩት በአማካይ 3.2 ጊዜ ሲታመሙ የጨመሩት 1.7 ጊዜ ብቻ ታመሙ። ሊትር ተኩል ውኃ ከገበያ የማይገዛ መድኃኒት ነው፤ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ።

እዚህ ላይ አባቶቻችንን የሚመለከተው ነገር ይመጣል። የአረሙ ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው። በሀገራችን ፍልሰታን ያህል በፍቅር የሚጾም ጾም ጥቂት ነው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሙታል። ሴቶቻችን ሌሊት ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳ ወርደው አረም ይነቅላሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ አይቀምሱም። ለቅዱስ ቁርባን የምትዘጋጀው ደግሞ ለ18 ሰዓት ትከለከላለች። ጾሙን ማንም እንዲያቀል እየጠየቅን አይደለም፤ ሥልጣኑም የለንም። ነገር ግን ሕሙም፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በንስሐ አባቷ ፈቃድ የሚቀልላት መሆኑን ቤተ ክርስቲያናችን ሁልጊዜ አስተምራለች። ችግሩ ይህችን ፈቃድ ሴቲቱ ራሷ መጥታ መጠየቅ አለባት፤ ለመጠየቅም «ሽንቴ ያቃጥለኛል» ማለት አለባት፤ ያን ደግሞ አትልም። ስለዚህ የምንለምናችሁ እናንተ ቀድማችሁ እንድትጠይቋት ነው። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት፣ ለእያንዳንዷ የንስሐ ልጃችሁ፣ «ልጄ፣ ሽንትሽ ያምሻል? ነፍሰ ጡር ነሽ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አባት ሲጠይቅ ነውሩ ከእርሷ ላይ ይወርዳል። ጤነኛዋም ብትሆን ከጾሙ ሰዓት በኋላ እስክትተኛ ድረስ ደጋግማ እንድትጠጣ ንገሯት፤ ውኃው፣ አብሹ፣ ተልባው ሁሉ የጾም ነው።

ሌሊቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከሩካቤ በኋላ ወዲያው ተነሥቶ መሽናት ብዙ ሐኪሞች የሚመክሩት ነገር ነው። ጥናቶቹ ጥቅሙን ገና በጽኑ አላረጋገጡትም፤ ነገር ግን ምንም ወጪና ጉዳት የለውም፣ ከተሕዋሱ አካሄድም ጋር ይስማማል። በከተማ ይህ ቀላል ምክር ነው። በገጠር ቤት ግን ሌሊት በር መክፈት ማለት አማት ይሰማል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ጅብ ከደጅ ሊኖር ይችላል። አዲስ ሙሽራ በአማቶቿ ቤት ሌሊት ተነሥታ ብትወጣ ጠዋት ሰው ዐይን ማየት ይቸግራታል። መፍትሔው ከባሉ ዘንድ ነው፤ ባትሪ ይዞ ይሸኛት፣ ወይም በመኝታቸው ጥግ ክዳን ያለው ባልዲ ያኑርላት፣ ጠዋትም እርሱ ይድፋው። የሚስቁ ወንድሞች እናያለን። ሳቁ፤ ነገር ግን ዛሬ ማታ ባልዲውን ግዙ።

ስለ ንጽሕናም ጥቂት እንበል። ከዓይነ ምድር በኋላ መጥረግም ሆነ መታጠብ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን፤ ከኋላ ወደ ፊት ሲሆን ተሕዋሱን በእጅ ተሸክሞ ማድረስ ነው። ሴት ልጆቻችሁን ከሕፃንነታቸው ይህን አስተምሯቸው። ከውጭ በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። ወደ ውስጥ በሳሙና፣ በጨው ወይም በቅጠል ጭማቂ መታጠብ ግን ጠባቂ የሆኑትን መልካም ተሕዋስያን ይገድልና በሩን ለክፉዎቹ ይከፍታል። ወይባ መሞቅ የደከመ ሰውነትን ያፍታታል ለሚሉ እናቶች አንከራከርም፤ ፊኛ ውስጥ የገባን ባክቴሪያ ግን ጢስ አያወጣውም።

ነፍሰ ጡሯን ለብቻዋ እናንሣ። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ምንም ሳያቃጥላቸው በሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይይዛሉ። ይህ ካልታከመ ከእነዚሁ መካከል እስከ ሲሶ የሚሆኑት የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊይዛቸው ይችላል፤ ያም ምጥን ያለ ጊዜው ሊያመጣ፣ እናቲቱንም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ምልክት ስለሌለው የሚገኘው በሽንት ምርመራ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ መመሪያ ይህ ምርመራ እንዲደረግና ባክቴሪያ የተገኘባትም የሰባት ቀን መድኃኒት እንድትወስድ መክሯል። ስለዚህ እርግዝናዋን ያወቀች እናት ሆዷ እስኪገፋ አትጠብቅ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሽንቷን ትስጥ። ስትሰጥም የመጀመሪያውን አፍስሳ መካከለኛውን ትቀበል። በየቀበሌው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሴቶች ናቸው፤ ለእነርሱ መንገር ለእኅት እንደ መንገር ነው።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ጎን ወይም ወገብ ከወጋ፣ ካስመለሰ፣ ሕመሙ ኩላሊት ደርሷል፤ ያን ዕለት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ሳይታወቃት ያለ ማቋረጥ የሚፈስሳት ሴት ካለች ደግሞ ይህ ሌላ ጉዳት ነው፤ ፌስቱላ ይባላል፣ ባሕር ዳር በሚገኘው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ይታከማል። ተሰውራ የተቀመጠች ብታውቁ ንገሩን።

«ጠበሉስ?» የሚሉ አሉ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ሊወስዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ያን ጊዜ በዚያ ከባድ በሽታ ላይ የተባለው በዚህ ቀላል ሕመም ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ታሪክ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ተጽፏል፤ ተሰውራ ከኋላ መጣች፤ ጌታችን ግን ነገሯን በሕዝብ ፊት አውጥቶ ልጄ ብሎ ጠራት። ጠበል የምታጠምቁ አባቶች፣ የምትጠመቀው እኅት መድኃኒት ጀምራ ከሆነ እንዳታቋርጥ ንገሯት።

መድኃኒቱን ማቋረጥ ብቻ አይደለም፣ ያለ ምርመራ መግዛቱም እያስቸገረ ነው። ማፈር ወደ ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ ስለሚያደርጋት፣ ልጅ ልካ ከመድኃኒት መደብር ጥቂት ፍሬ እንክብል ታስገዛለች፤ ማቃጠሉ ሲቀልል ቀሪውን ለጎረቤቷ ታበድራለች። በደግነት ነው። በጎንደርና በባሕር ዳር የተደረጉ የላቦራቶሪ ጥናቶች ግን እንደ አምፒሲሊን ያሉ የለመድናቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹን የሽንት ተሕዋስያን መግደል እንደተሳናቸው አሳይተዋል። ግማሹን ወስዶ ግማሹን ማበደር ተሕዋሱን ማሠልጠን ነው። ለነፍሰ ጡር የማይሰጡ መድኃኒቶችም ስላሉ እርግዝናዋን ሳትናገር መዋጥ የለባትም።

አሁን ወደ ተግባሩ። መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ ማለት ለፎገራ ሰው ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ጥቁሩ አፈር ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃው ከታች ይመጣል፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደነበረው ያለ ጎርፍ ሲነሣም ጉድጓዱን ይዞት ይሄዳል። ከፍ ባለ መደብ ላይ የሚሠራውን ዓይነት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር እየተነጋገርንበት ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜ የማይወስድ ነገር ግን አለ። የሩዝ ገለባ በየቤቱ ተከምሯል። በአራት እንጨትና በገለባ በማሳው ዳር ለሴቶች መጋረጃ ማቆም የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ወንፈል የሚጠራ ሰው ጠላና ቆሎ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ መጋረጃውንና አንድ ጀሪካን የታከመ ውኃ ያዘጋጅ። ሴቶቹም ለብቻቸው በቡድን ዕረፍት ይውጡ፤ አንዷ ብቻዋን ስትነሣ ሁሉም ያያታል፣ ዐሥሩ አብረው ሲነሡ ግን ማንም ልብ አይልም። ይህ ሐሳብ የእኛ አይደለም፤ ባለፈው ውይይት ከመካከላችሁ አንዲት እናት ያነሡት ነው።

የሰበካ ጉባኤያትም የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተመልከቱ። ከሌሊት ጀምረው እስከ ቀትር የሚቆሙ እናቶች የሚገቡበት፣ በር ያለው፣ የሴቶች ብቻ የሆነ መጸዳጃ ያለው አጥቢያ ስንት ነው? ከቅጥሩ ውጭ በተገቢው ርቀት ሊሠራ ይችላል። ቦታውን ለክታችሁ፣ የጉልበቱን ድርሻ ሕዝቡ እንዲሸፍን ተስማምታችሁ፣ በቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ብትመጡ የቆርቆሮውንና የሲሚንቶውን ጥያቄ ለኮሚሽኑ የምናቀርበው እኛ ነን። ቅጹ እዚሁ አለ፤ ከጸሎቱ በኋላ በደጀ ሰላሙ በኩል እንሰጣችኋለን። እስከ ሰኔ መጨረሻ የመለሰ አጥቢያ አረሙ ሳይጀመር መልስ ያገኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።